ወይናም ዛሬ ስንት ነው

በዓርቢት ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። ጠዋት በር ላይ የሚገናኙ ጎረቤታሞች «ወይናም ዛሬ ስንት ነው?» ይባባላሉ። መልሱን ሁለቱም ቀድመው ስለሚያውቁት ጥያቄው ለማወቅ አይጠየቅም። «አሥራ ሰባት ከግማሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል አንዱ። ሌላው «ነፋሱን ግን አልወደድኩትም» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ይወራል። ወይናም ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከሚጠያየቁት ሰዎች አብዛኞቹ ጣታቸውን እንኳ ነክረውበት አያውቁም።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በክፋት አልነበረም። የበጋው ፀሐይ ሰውን መንገድ ላይ መጣል በጀመረበት፣ ደራሽ ውሃም ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ አገር ተነሥቶ መምጣት በለመደበት ዘመን፣ የዓርቢት ሰዎች ለቅሶ ሰለቻቸው። ወንዝ የወረደ ሰው ስለ መመለሱ እርግጠኛ መሆን አልተቻለም። ስለዚህ የወንዝ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዳር እስከ ዳር አጥር ታጠረ፤ አጥሩ ላይ አንድ በር ተበጀ፤ ከበሩ ራቅ ብሎ የአንባቢው ክፍል ተሠራና በጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። የውሃው ሙቀት፣ ጥልቀቱ፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የፀሐዩ ኃይልና የላይ አገሩ ዝናብ በየቀኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይነበባሉ። አምስቱም ከተስማሙ «የወንዝ ሰዓት» ይታወጅና በሩ ለአንድ ሰዓት ይከፈታል። ካልተስማሙ እንደ ተዘጋ ይውላል።

መጀመሪያ ሰሞን ሕዝቡ ተጋፍቶ ይገባ ነበር። እያደር አምስቱ የሚስማሙበት ቀን ሳሳ፤ ሰውም መግባቱን ትቶ መስማቱን ለመደ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት የሲሚንቶ ደረጃዎች በሰንበት ይሞላሉ። ቤተሰብ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል፤ እጮኛሞች ጥግ ይይዛሉ፤ ድምፅ ማጉያው ማንኮሻኮሽ ሲጀምር ሁሉም ፀጥ ይላል። «ነፋስ ደካማ» ሲባል የደስታ ማጉረምረም በደረጃዎቹ ላይ ያልፋል። «ተፈቅዷል» የተባለ ዕለት ይጨበጨባል። ከዚያ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ፣ ልጁን አቅፎ፣ ረክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤትም ሲደርስ ወንዙ ይጠብቀዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ውሃውን በዕለቱ የወይናም ሙቀት ልክ እያዘጋጀ ገንዳውን ይሞላለታልና። በዓርቢት «ወንዝ ወርጄ መጣሁ» የሚል ሰው ገንዳው ውስጥ ተኝቶ የተነሣ ሰው ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ከአጥሩ በፊት የነበረውን ከሚያስታውሱት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። በከተማው ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ደንቡ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በበሩ እንዲያልፍ አይፈቅድም። በሩ ስም አይጠይቅም፣ ዕድሜ ብቻ ያያል፤ እንዴት እንደሚያይ የጠየቀ ሰው የለም። የተከለከለ ሰው ከተጠጋው በሩ ተመልሶ ይዘጋል፣ የዕለቱም ሰዓት ለሁሉም ይሰረዛል። ወይዘሮ ትርንጎ ደንብ እንዲከበር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸውና በዚህ አንድም ቀን አላጉረመረሙም። በሰንበት ከደረጃው ላይኛው ረድፍ ተቀምጠው ወንዙን ያያሉ። ሌላው ሰው የሚያየው ድምፅ ማጉያውን ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ከቀትሩ ንባብ ቀጥሎ አንድ ማስታወቂያ ተሰማ። በወይናም በር ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አላለፈም። በሩ የማይሠራበት ንብረት ስለሆነ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንድ ሰው እንኳ ካልገባበት ይነቀልና ቦታው በግንብ ይደፈናል። ንባቡ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲሰማ ተደናገጠ፤ ንባቡ እንደሚቀጥል ሲነገረው ትንፋሹ ተመለሰ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ።

ያን ዕለት ወይዘሮ ትርንጎ ራት አልቀመሱም። ልጃቸው ብሌን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከሥራ ስትመለስ ገንዳውን ሞልታ፣ ወንዝ ወርዳ፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ማዕድ መጣች። የእናቷ ሳህን እንዳልተነካ ስታይ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። እናት የበሩን ነገር ነገሯት። ብሌን ማስታወቂያውን ሰምታዋለች፤ የሚያስቆጭ ነገር ግን አላገኘችበትም። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ሙቀቱም ያው ሙቀት ነው፤ እንዲያውም የቤቱ ደለል የለውም፣ እባብም አይመጣበትም።

እናት፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ወይናም እንዴት ይወረድ እንደነበር ይነግሯት ጀመር። ማንም አያውጅም ነበር። ሴቶች ከላይኛው መታጠፊያ፣ ወንዶች ከታችኛው ይሆናሉ፤ በመካከሉ ያለው ቁጥቋጦ የታጠበ ልብስ ይሰጣበታል። የእንዶዱ አረፋ ከሴቶቹ ዘንድ ተነሥቶ ወደ ወንዶቹ ሲወርድ ከታች ጩኸት ይሰማል፤ እነሱም በፈንታቸው የሸንኮራ ልጣጫቸውን ወደ ላይ ለመወርወር ይሞክራሉ፤ ወንዙ መልሶ ለራሳቸው ያመጣላቸዋል። አየሩን የሚያውቁት አምባ ወርቄ ላይ በሚቀመጠው ደመና ነበር። ደመናው ከተቀመጠ ይዘንባል ይባላል፤ ብዙ ጊዜ አይዘንብም። አይዘንብም የተባለ ቀን ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድና ሁሉም ከነእርጥብ ልብሱ ድልድዩ ሥር ይታጨቃል። እዚያ የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ከአንድ መሐረብ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የተሳካላቸውን ቅዳሜዎች ሁሉ ረስተዋል። የሚያስታውሱት የተሳሳቱባቸውን ነበር።

ብሌን ሳቀች፤ እናቷ እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ለእርሳቸው መግባት የማይፈቀድላቸው ከሆነ በሩ ቢኖር ምን እንደሚጠቅማቸው ጠየቀች።

«ለእኔ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ነገር ሁሉ ሳይደርስብሽ በፊት ስንት እንደሆነ ተነግሮሻል። አንድ ነገር እንኳ ሳይነገርሽ ቢደርስብሽ እወድ ነበር።»

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሰፈሩን መዞር ጀመሩ። የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ ሰዓቱ የታወጀ ዕለት መጥተው እንዲገቡ። በየቤቱ በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ወንበር ተሰጣቸው፤ ሁሉም «እሺ እትዬ» አለ። ጎረቤታቸው አቶ ይልቃል፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው ጡረተኛ ሾፌር፣ በደንቡ መሠረት ለሁለት ዓመት ያህል ገና ወጣት እንደሆኑ ገልጠው ይህን ወጣትነት በከንቱ እንደማያባክኑት ቃል ገቡ። በምክንያት «አይሆንም» የሚል አንድ ሰው ቢያገኙ ወይዘሮ ትርንጎ ባልሠጉ ነበር። መምህር ሆነው ያሳለፉት ዘመን እሺታ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አስተምሯቸዋል። ከእሺታዎች መካከል ነገሩን ለማድረግ የሚነገር አለ፤ የጠየቀው ሰው ደስ ብሎት እንዲሄድ የሚነገርም አለ።

ጥቅምት ገባ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። አንድ ቀን ነፋሱ ከለከለ፣ አንድ ቀን የላይ አገሩ ዝናብ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሰንበት ቀትር ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። አንባቢው ናኦድ ነበር፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ወይዘሮ ትርንጎ ያስተማሩት፣ ድምፁ ከፊቱ ይልቅ የሚታወቅ ሰው። አምስቱን በተርታ አነበበ። ውሃው አሥራ ስድስት ዲግሪ ነው። ነፋሱ ደካማ፣ ፀሐዩ ልከኛ፣ ጥልቀቱ ደኅና፣ ላይ አገር ደረቅ። ከዚያ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ተፈቅዷል» አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ የተፈቀደ ቀን እንደማይጠበቅም አከለበት።

ተጨበጨበ። ነገር ግን በዚህ ቀን ሰው ዕቃውን አልሰበሰበም። ቃል የገቡት ሁሉ መጥተው ነበር። ፎጣ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹም ከሥር የዋና ልብስ ለብሰዋል፤ ብሌን የእናቷን የድሮ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ወደ በሩ ወረዱ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ተሰለፉ። ወይዘሮ ትርንጎ ከበሩ ርቀው ከአንባቢው ክፍል ጎን ቆሙ። በሩ ተከፈተ፤ ከወዲያ በኩል ወይናም ድንጋዮቹን እያለፈ ይታያል።

ከተፈቀደላቸው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ይልቃል ነበሩና ከፊት ተገኙ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ኋላም ዞሩ።

«እትዬ ትርንጎ ቆመው እኔ ልቅደም?»

«እኔ አልተፈቀደልኝም። ታውቀዋለህ፣ ይልቃል።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሰዉ እርሳቸውን እያየ እንዳያፍር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ይልቃል ይህን ባዩ ጊዜ ከኋላቸው ላሉት ሴት መንገድ ለቀቁ፤ ሴት ሳለች ወንድ እንዴት ይቀድማል አሉ። ሴትዮዋ ታላቅ ወንድማቸው ከኋላ እንዳሉ አመለከቱ። ታላቅ ወንድም በአማቻቸው ፊት አልደፍርም አሉ። አማች እንግዳ ነው፣ ለእንግዳ ይለቀቅ ተባለ፤ እንግዳውም የአገሩ ሰው ሳይገባ መግባት ነውር መሆኑን አስረዳ። «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ስሞት»፣ «እኔ ልሙት»፤ አንዱ ለሌላው ሲለቅ ሰልፉ ቀስ በቀስ ክብ ሠራ፤ ክቡም ቀስ በቀስ ከበሩ ራቀ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ጨዋነት ይለዋል፤ ጨዋነትም ነበር። ነገር ግን ሁሉም ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር፤ ማንም ወደ ውሃው አይመለከትም ነበር።

ድምፅ ማጉያው ግማሹ ሰዓት ማለፉን ተናገረ።

ወይዘሮ ትርንጎ ከግድግዳው ዞሩ። ብሌን እናቷን እያየች ነበር። አንዴ በዓይናቸው ቢጠቅሷት ትገባ እንደነበር ግልጽ ነው፤ እርሳቸው ግን በሰው ሁሉ ፊት የራስን ልጅ ማስቀደም ከነውር ሁሉ የባሰ ነውር መሆኑን ያውቃሉ። ያን ቢያደርጉ ሰው ሁሉ ልብሱን ለብሶ ይመለሳል፤ በሩም ለልጃቸው ሲባል እንደ ተከፈተ ይወራል። ከዚያ ወደ አንባቢው ክፍል መስኮት ተጠጉ። ናኦድ በዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በሰልፉ የለበትም፣ በተራውም አልተቆጠረም።

«ናኦድ» አሉት።

«አቤት እትዬ።»

«እስቲ ልላክህ።»

«እሺ።»

ናኦድ ማዳመጫውን ሲያወልቅ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ነበር። በዓርቢት ያደገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሺ ይላል፤ የተላከበትን የሚሰማው ቀጥሎ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ከቦርሳቸው የቆርቆሮ ኩባያ አውጥተው በመስኮቱ አቀበሉት።

«ከወይናም ውሃ ቅዳልኝ። ከዳሩ እንዳትቀዳ፣ ደለል አለው። ከመካከሉ ነው የምፈልገው።»

ናኦድ ኩባያውን አየ፤ ከዚያም በሩን አየ። ሥራ ላይ መሆኑን፣ ክፍሉን ትቶ መሄድ እንደማይችል፣ አንባቢ ወንዝ ገብቶ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዳ። ወይዘሮ ትርንጎ ሁሉንም ሰሙት።

«እሺ ብለሃል» አሉ።

«ብያለሁ፣ እትዬ።»

ክቡ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከሰልፉ አንዱ «የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አቶ ይልቃልን ሊቀድም ነው» ብሎ አጉረመረመ። «መቅደም አይደለም፤ የተላከ ሰው አይቀድምም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ በዚህም ላይ የሚከራከር አልተገኘ። ናኦድ ግን ገና ከወንበሩ አልተነሣም። አቶ ይልቃል በባዶ እግራቸው ወደ መስኮቱ መጡ።

«ምራቅ ይትፉበት፣ እትዬ። ይኼ ልጅ አለዚያ አይነሣም። እኛን እንደዚያ ነበር የሚልኩን።»

ወይዘሮ ትርንጎ በልጅነታቸው በዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ተልከዋል፤ ራሳቸው ግን እንዲህ ልከው አያውቁም። መሬት ላይ መትፋት ነውር መሆኑን ለስንት ትውልድ አስተምረዋል። ጎንበስ አሉና በተጠረገው ሲሚንቶ ላይ እንትፍ አሉ።

«ይኼ ሳይደርቅ ተመለስ።»

ናኦድ ምራቁን አየው። ፀሐዩ ልከኛ መሆኑን ራሱ አንብቧል፤ ቢሆንም ሲሚንቶው ትኩስ ነበር። ከወንበሩ ተነሣ፤ በጓሮ በር ወጣ፤ እየሮጠ ክቡን አልፎ፣ በሩን አልፎ፣ ከነጫማው፣ ከነክራቫቱ ወደ ወንዙ ወረደ።

መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠጋ። እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ክንዶቹን እንደ ክንፍ አነሣ። መካከሉ ከተባለው ስፍራ ሲደርስ ውሃው ወገቡን ይዞት ነበር፤ ኩባያውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ ለመንቀሳቀስ እንደረሳ ሰው ቆመ። ይህ ሰው የወይናምን ሙቀት ጎልማሳነቱን ሙሉ ሲያነብ ኖሯል። በዓርቢት ከድምፁ ያልተሰማ ቁጥር የለም።

አቶ ይልቃል በአጥሩ በኩል ተጣሩ። «ናኦድ። ስንት ነው?»

ናኦድ ዞረ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሶቹ ሲገጫጩ እስከ አጥሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ አባቶቹና የአባቶቹ አባቶች ከዚያው ስፍራ ቆመው በዳር ላሉት ሲመልሱት የኖሩትን መለሰ።

«ሙቅ ነው» አለ። «ግቡ። እንደ ወተት ነው።»

በዓርቢት የተነገረ ቁጥር ሁሉ እውነት ሆኖ ኖሯልና ሕዝቡ ይህን ንግግር ከምን እንደሚያስገባው ቸገረው። አሥራ ስድስት የተባለውን ሁሉም ሰምቷል፤ የሰውዬውን አገጭ ሁሉም ያያል። አቶ ይልቃል ሸሚዛቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ይኼ ሰውዬ ይዋሻል» አሉ። «ዓይኔ እያየ ይዋሻል።» ሸሚዙን ለወይዘሮ ትርንጎ አቀበሉ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፤ ውሸታሙን ሊያጋልጡ በበሩ አልፈው ገቡ። ገብተውም እንደ ናኦድ ክንዳቸውን አነሡ። ዞረው በዳር የቆመውን ሕዝብ ባዩ ጊዜ ፊታቸው ላይ ክፉ ደስታ ነበር።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ሙቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደ ቀደመ የሚያስታውስ የለም። አማችም፣ እንግዳም፣ ታላቅ ወንድምም በአንድ ጊዜ በበሩ ተጣበቁ። እያንዳንዱ ገብቶ ቁጥሩን በገላው ሲያገኘው ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ወዲያው ደግሞ ዞሮ በዳር ለቀሩት ሙቅ መሆኑን ይመሰክራል። ብሌን ጋቢውን እናቷ እጅ ላይ ጣለች። በበሩ ስታልፍ ወደ ኋላ አልተመለከተችም። እስከ ደረቷ ስትገባ አንድ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ድምፅ ከልጃቸው የሰሙት የተወለደች ዕለት ብቻ ነበር። ከዚያ ውሃ በእፍኟ ዘግና አቶ ይልቃልን ረጨቻቸው፤ አቶ ይልቃልም በሚገባ አጸፋውን መለሱ።

በሩ ያለፉበትን ሰዎች ሁሉ መዝግቧል። የሚነቀልበት ምክንያት በዚያ ሰዓት አበቃ፤ ይህን ግን በወንዙ ውስጥ ካሉት ማንም አላሰበም።

ወይዘሮ ትርንጎ ከአጥሩ ውጭ፣ በሰው ልብስ ተከብበው፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የላኩበት ውሃ አልመጣላቸውም። ኩባያው ከናኦድ እጅ አምልጦ በድልድዩ በኩል ሲወርድ አይተውታል። ሲሚንቶው ላይ የተፉት ምራቅ ከደረቀ ቆይቷል። ቀትር ላይ አጥሮ የነበረው የበሩ ምሰሶ ጥላ ረዝሟል፤ የወንዙ ሰዓት ማለቅ አለበት፤ ማለቁን የሚናገረው ሰው ግን ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዋና አላውቅም እያለ እየተሳቀበት ነው። ድምፅ ማጉያው ባዶውን ተንኮሻኮሸ። አንዳንዶች ቀና ብለው አዩት። መልስ ሲያጡ ከዳር ወዳሉት አዛውንት ዞሩ፤ ሰዓቱ አልቋል የሚል ከተገኘ እርሳቸው እንደሚሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ተማሪ ሳሉ የትምህርት ቤቱን ደወል በደቂቃው ሲያከብሩ አይተዋቸዋል። ብሌንም እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እናቷን ተመለከተች።

ወይዘሮ ትርንጎ ሁሉንም አዩአቸው። ከዚያ ለምሰሶው ጥላ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎንበስ አሉና በየቦታው የተበተኑትን ጫማዎች እያነሡ ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ ጀመር።